ለአሮጌ ዴስክቶፕ የትኛው ካርድ ይበጃል? ከመግዛታችሁ በፊት ሣጥኑን ክፈቱት

ባለፈው በጋ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ደወሉልኝ። «ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን ካርድ ግጠምልኝ» አሉ። የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ የላከው ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ሞኒተር የሚያወጣው) ነው። ካርቶኑ ያምራል። ካርዱም ያምራል፤ ባለ ሁለት ፋን ነው። ኮምፒውተራቸው ግን ስስ ዴል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሞኒተር የሚሸከመው ዓይነት። ሽፋኑን አንሥቼ ካርዱን ስሎቱ (ማስገቢያው) ላይ ሳስቀምጠው ከሣጥኑ ጠርዝ በላይ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ።

«እትዬ፣ ይሄ አይገባም።»

«ምነው ልጄ? አዲስ እኮ ነው! ገና ከካርቶኑ መውጣቱ ነው።»

ካርዱ ምንም አልሆነም። የተሠራው ለሌላ ሣጥን ነው እንጂ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣው ዕቃ በዚያው መንገድ ተመለሰ። ሻጩ ብር አልመልስም ብሎ በሌላ ዕቃ ለወጠ። እሱም ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ።

ጎንደር ሆኖ ካርድ መግዛት እንዲህ ነው። አብዛኛው ዕቃ ከአዲስ አበባ ታዞ ይመጣል፤ ከተሳሳታችሁ መመለሻው ረጅም ነው። ስለዚህ እዚህ ምርጫው ከካርዱ ሳይሆን ከሣጥኑ ይጀምራል።

«አሮጌ» የምለው ኮር ቱ ዱዎንና የመጀመሪያዎቹን ኮር አይ 3 እና አይ 5 ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩን አንጎል) የያዙትን ማሽኖች ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኮምፓክና የመሳሰሉት። ፔንቲየም 4ም ከየጓዳው አልጠፋም። «አዲስ ግዛና ተገላገል» ማለት ቀላል ነው። ግን ገንዘቡን ማን ይሰጣል? ደግሞ ሌላ ምክንያትም አለ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚሠራው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የየራሳቸው ፎንት ነበር። ያንን ፋይል ፎንቱ በሌለበት አዲስ ላፕቶፕ ክፈቱት፤ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የምታዩት። የጎረቤቴ አሮጌ ዴል የአሥራ ምናምን ዓመት ውልና ማመልከቻ ተሸክሟል። እንዲህ ያለ ማሽን በቀላሉ አይጣልም።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ካርድ ከማወዳደራችን በፊት ሁሉንም የምንመዝንበት ነገር ይኑረን። እኔ የማያቸው አምስት ነገሮች ናቸው፤ ስሎት፣ ቁመት፣ ኃይል፣ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም)፣ እና ማሽኑን ያዘገየው ነገር።

*ስሎት።* ሽፋኑን አንሡና ማስመሪያ አምጡ። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ከኋላ በኩል ጎን ለጎን የተደረደሩ ማስገቢያዎች አሉ። 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ኤክስ 16 ነው፤ የግራፊክስ ካርድ ቦታ። 2.5 ሴንቲ ሜትር የምትሆነው ትንሿ ኤክስ 1 ናት። ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነው፣ 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ አሮጌው ፒሲአይ ነው። ቡናማ ሆኖ ከሌሎቹ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ያለ ካያችሁ ኤጂፒ ነው፤ ፔንቲየም 4 ዘመን ላይ ናችሁ ማለት ነው። ጥቁርና 14 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ካገኛችሁ ኢሳ ይባላል። እሱን ባትነኩት ይሻላል፤ ቅርስ ነው።

ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። ፒሲአይ የመጣው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ጠቅላላ አቅሙ በሰከንድ 133 ሜጋባይት ሲሆን የተሰኩት ካርዶች ሁሉ እሱኑ ይካፈላሉ። የሰፈር ቦኖ ማለት ነው፤ ጄሪካን በበዛ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ግን ለየቤቱ የራሱን ቧንቧ ዘረጋ። የመጀመሪያው ትውልድ በአንድ መስመር 250 ሜጋባይት በሰከንድ ያሳልፋል፤ ሁለተኛው 500፤ ሦስተኛው 1,000 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ኤክስ 1 አንድ መስመር፣ ኤክስ 16 አሥራ ስድስት መስመር ነው። አዲስ የኤክስፕረስ ካርድ አሮጌ የኤክስፕረስ ስሎት ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን የስሎቱ ነው።

*ቁመት።* እትዬን ጉድ የሠራቸው ይሄ ነው። ከካርዱ ጫፍ ላይ ከኬዙ (ከሣጥኑ) ጋር በብሎን የሚታሰር ብረት አለ። ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ብረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ለስስ ሣጥን የሚሠራው አጭሩ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንዳንዱ አጭር ካርድ ሁለቱንም ብረት ይዞ ይመጣል፤ ፈታችሁ ትቀይራላችሁ። ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ግን አጭሩ ብረት ብዙ ጊዜ የለም። «ብረቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

*ኃይል።* ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ከስስ ሣጥኖቹ ብዙዎቹ ከ300 ዋት በታች ናቸው። ኤክስ 16 ስሎት በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ በትንንሽ ሣጥኖች ግን አምራቾቹ ከዚያ ያነሰ ወሰን የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ። ከ75 በላይ የሚበላ ካርድ ባለ 6 ፒን ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል፤ እነዚህ ማሽኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ገበያ ላይ ከሳታ (ከዲስክ የኃይል መሰኪያ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር ገመድ ታገኛላችሁ። አትግዙት። የሳታው ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ 6 ፒኑ ደግሞ 75 ሊጠይቀው ይችላል። ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል። «ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረው» የሚልም አለ። የስስ ዴልና ኤችፒ ፓወር ሰፕላይ ቅርጹ የራሱ ነው፤ ሱቅ ያለው ተራው አይገጥምም።

ስለ ፓወር ሰፕላይ ካነሣን አይቀር የራሴን ልናዘዝ። አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ታወር (ቆሞ የሚቀመጥ ሰፊ ሣጥን ያለው) ኮምፒውተር ላከ። ካርድ ልጨምርለት ጓጉቼ፣ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሳላይ ሰካሁት። ማብሪያዋ 115 ላይ ነበረች፤ የኛ መብራት 220 ነው። ጧ! አለ። ቤቱን የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሞላው፤ እናቴ ከጓዳ «ምን አፈነዳህ?» እያለች መጣች። ቀይ ማብሪያ ካያችሁ 230 ላይ መሆኗን ሳታረጋግጡ እንዳትሰኩ።

*ድራይቨር።* ማሽኑ ለፓወር ግዕዝ ሲባል ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ከቆየ ይሄ ከሁሉ ይቀድማል። ማይክሮሶፍት ኤክስፒን መደገፍ ያቆመው በመጋቢት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ለካርዶቹም ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ ድራይቨር መውጣቱ ቆመ። ካርዱ አዲስ በሆነ ቁጥር በኤክስፒ የመሥራት ዕድሉ ይቀንሳል። ዊንዶውስ 7 ይሻላል፤ 10 ደግሞ አብዛኛውን ራሱ ያውቀዋል።

*ያዘገየው ነገር።* እውነቱን ለመናገር፣ «ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው» ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች ብዙዎቹ ካርድ አያስፈልጋቸውም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። ራሙ (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሞልቶ ከሆነ ራም ጨምሩ። ራሙ ሳይሞላ ማሽኑ ከተንገታገተ፣ የሃርድ ዲስኩም መብራት ያለማቋረጥ ከበራ፣ ጥፋተኛው ዲስኩ ነው። ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዙ። ኮር ቱ ዱዎ ማሽን ላይ ያለው የሳታ ዲስክ መሰኪያ በሰከንድ እስከ 300 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ ያለ ምንም ካርድ ይሰካል። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ከሆነና ያም ቪዲዮ ስታዩ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ ግራፊክስ ካርድ እንነጋገር።

ግራፊክስ ካርድ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው፤ ገንዘብም የሚባክነው እዚሁ ነው። ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

ግራፊክስ ካርድ ወርድ ላይ መጻፍን አያፈጥንም። ኤክሴልንም እንደዚሁ። የሚጠቅመው በሦስት ነገር ነው፤ የሞኒተር መውጫው ሲበላሽ ወይም ሁለተኛ ሞኒተር ሲያስፈልግ፣ ቪዲዮ ሲቆራረጥ፣ እና ኤዲቲንግ ወይም ጌም ሲኖር።

ለመጀመሪያው ችግር ርካሹ ይበቃል። ራዲዮን ኤችዲ 5450 ወይም ጂቲ 710 የሚባሉት 19 ዋት አካባቢ ነው የሚበሉት። ብዙዎቹ ፋን የላቸውም። እንደ ጎንደር በጋ አቧራ ለሚበዛበት ቦታ ፋን አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ካርዶች ላይ መጀመሪያ የሚሞተው ፋኑ ነውና። ግን የኬዙ ፋን መሥራት አለበት፤ አለበለዚያ ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል።

ለሁለተኛው ችግር ጂቲ 710 አይበቃም። ዩቲዩብ ብዙ ቪዲዮውን የሚልከው ቪፒ 9 በሚባል አጨማመቅ ነው። 710 ይሄን መፍታት አይችልም፤ ሥራው ተመልሶ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ኮር ቱ ዱዎ ደግሞ በ1080 ጥራት ላይ ላብ በላብ ይሆናል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲ 1030 ግን ራሱ ይፈታዋል። 30 ዋት ነው የሚበላው፣ አጭር ብረት ያለው አለ፣ ፋን የሌለውም አለ። ለስስ ሣጥን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ኤክስፒ ላይ ግን አይሠራም፤ ድራይቨር የለውም።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ጂቲ 1030 ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጂዲዲአር 5 ሜሞሪ፣ ሌላው ዲዲአር 4። ስማቸው አንድ ነው፤ የሁለተኛው ሜሞሪ ግን የማስተላለፍ አቅሙ የመጀመሪያውን ሲሶ ያህል ነው። ለዩቲዩብ ብቻ ከሆነ ችግር የለም። ጌም ካለበት ካርቶኑ ላይ ጂዲዲአር 5 የሚለውን ፈልጉ። ጂቲ 730 ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ በአንድ ስም ሦስት የተለያየ ካርድ ተሽጧል። አንዱ 49 ዋት ሲበላ ሌላው 25 አይሞላም። «730 አለኝ» ያላችሁን ሰው «የትኛው?» በሉት። ካላወቀ እለፉት።

ሦስተኛው የቪዲዮ ቤቶች ጉዳይ ነው። ጥር ሲመጣ እዚህ ከተማ ውስጥ ማን ይተኛል? ጥምቀቱ አለ፤ ሠርጉ በላይ በላዩ ነው። ኤዲት ያለቀ ቪዲዮ ኤክስፖርት እስኪሆን ሌሊቱ ይነጋል። ለዚህ ሥራ 1030 አይሆንም፤ ቪዲዮ መፍታት እንጂ መልሶ መጭመቅ አይችልም። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በ60 ዋት፣ 1050 ቲአይ በ75 ዋት ሁለቱንም ይችላሉ። በመደበኛ አሠራራቸው ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። ግን ታወር ሣጥንና ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋሉ። ማሽኑም ቢያንስ ኮር አይ 5 ቢሆን ይመረጣል። ኮር ቱ ዱዎ ላይ 1050 ቲአይ መግጠም አህያ ላይ የፈረስ ኮርቻ እንደ መጫን ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤክስ 6400 አጭርና 53 ዋት ስለሆነ ለስስ ሣጥን ያጓጓል። እኔ ግን ለአሮጌ ማሽን አልመክረውም። የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ነው። የተሠራው ለአራተኛው ትውልድ ስሎት ስለሆነ አሮጌ ቦርድ ላይ አንገቱ ይታነቃል። ቪዲዮም መልሶ አይጨምቅም።

ያገለገለ 1050 ቲአይ ስትገዙ ተጠንቀቁ። የድሮ ቺፕ ባዮሱ (ማንነቱን የያዘው የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ በዚህ ስም ይሸጣል። ዊንዶውስም ይታለልና «1050 ቲአይ» ብሎ ይጽፋል። ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፤ አስመስሎ የተሠራ ኤንቪዲያ ካርድን ለይቶ ይናገራል። ሻጩ «አያስፈልግም፣ እመነኝ» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ዩኤስቢ 3.0 ካርድ

ለፎቶ ቤትና ለቪዲዮ ቤት፣ በብር ሲሰላ ከሁሉም አዋጪው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ዩኤስቢ 2.0 በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚቀዳው። 4 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ለመቅዳት ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ሁለት ደቂቃ ረጅም ነው። አሥር ደንበኛ ሲሆን ደግሞ አስቡት። ዩኤስቢ 3.0 ካርድ የመጀመሪያው ትውልድ ኤክስ 1 ስሎት ላይ እንኳ ቢሰካ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ፍላሹ ወይም ዲስኩ ራሱ ፈጣን ከሆነ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ካርዱ ላይ የኃይል መሰኪያ ካለው ከፓወር ሰፕላዩ ገመድ ስጡት፤ አለበለዚያ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስትሰኩ እየበራ ይጠፋል። ሌላው፣ አሮጌ የቦርድ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ከዚህ ካርድ ላይ ቡት አያደርግም፤ ከሱ ላይ ማሽኑን አያስነሣም። ፎርማት ስታደርጉ ፍላሹን ቦርዱ ላይ ባለው በድሮው ዩኤስቢ ሰኩት። ዊንዶውስ 7 ድራይቨር ይፈልጋል፤ 8 እና 10 ራሳቸው ያውቁታል።

ኔትወርክና ዋይፋይ

በክረምት መብረቅ ሲበዛ ሞደምና የላን (የኔትወርክ ገመድ) መሰኪያ አብረው ሲቃጠሉ አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ማዘርቦርድ አይቀየርም፤ ላን ካርድ ይገዛል። ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ባለ 100 ሜጋቢት ፒሲአይ ካርድ ይበቃል። በሱቁ ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል የምታስተላልፉ ከሆነ ጊጋቢት ግዙ። እሱንም በፒሲአይ ሳይሆን በኤክስ 1። ጊጋቢት ብቻውን በሰከንድ 125 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ የፒሲአይን ቦኖ ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል።

ዋይፋይ ካርድ አንቴናው ከማሽኑ ጀርባ ነው የሚወጣው። ማሽኑ ግድግዳ ተጠግቶ ከተቀመጠ፣ ያውም በፒያሳ የጣሊያን ጊዜ ወፍራም ግድግዳ፣ ሲግናሉ ብረትና ድንጋይ መሐል ይቀበራል። በዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገመድ ጠረጴዛ ላይ የወጣ ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ የተሻለ የያዘበትን ቤት አውቃለሁ። ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳ በማለፍ ከባለ 5ቱ ይሻላል።

በቀን አንዴ ኢሜይል ለመላክ ከሆነ ደግሞ ምንም አትግዙ። ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ አገናኙና ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። በቃ፣ ኢንተርኔት አላችሁ።

የዲስክ ካርዶች

ሁለት ዓይነት ናቸው። የሳታ ካርድ የሚጠቅመው የቦርዱ መሰኪያ ሲበላሽ ወይም አይዲኢ (የድሮው የዲስክ መሰኪያ) ብቻ ባለው ፔንቲየም 4 ላይ ነው። ሌላው ኤም 2 ኤስኤስዲ (ቀጭን ሰሌዳ የሚመስለውን ትንሽ ዲስክ) የሚሸከመው አዳፕተር ነው። አዳፕተሩ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ብዙ ሰውም ይናደድበታል። ምክንያቱም የኮር ቱ ዱዎ ዘመን ባዮስ ኤንቪኤምኢ ዲስክን (በፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራውን) አያውቅም። ዊንዶውስ ከሱ ላይ አይነሣም። ፋይል ማስቀመጫ ብቻ ይሆናል፤ ያም በዊንዶውስ 10 ያለ ጣጣ፣ በ7 ከተጨማሪ ማስተካከያ ጋር፣ በኤክስፒ ደግሞ እርሱት። ሁለተኛው መናደጃ፣ ኤም 2 ቅርጽ ያለው ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም። ሳታ የሆነ ኤም 2 አለ፤ እሱን እንዲህ ያለው ተራ አዳፕተር ላይ ብትሰኩት ማሽኑ ጭራሽ አያየውም።

ፓራሌልና ሳውንድ

ባለ መርፌ ፕሪንተር፣ ያ እየጮኸ ደረሰኝ የሚያትመው፣ ፓራሌል መሰኪያ ይፈልጋል። ቦርዱ ላይ ያለው ከተበላሸ ካርድ አለ። ከዊንዶውስ ለማተም ጥሩ ይሠራል። ፕሮግራማችሁ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም) ከሆነ ግን ሳትሞክሩ አትክፈሉ። የዶስ ፕሮግራም መሰኪያውን የሚፈልገው በለመደው አድራሻ ነው፤ አዲሱ ካርድ ደግሞ ሌላ አድራሻ ይይዛል። ሳውንድ ካርድ? የዩኤስቢዋ ትንሽ ድምፅ ማውጫ በርካሽ ትገኛለች። ስሎት አታባክኑ።

ጠቅለል ሲል

ዋጋ በቁጥር ያልጻፍኩት አውቄ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳፍረኛል። ስለዚህ እርስ በርስ አወዳድሬዋለሁ።

| ካርድ | ስሎት | ስስ ሣጥን ውስጥ | ኃይል | ዋጋ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ጂቲ 710፣ ኤችዲ 5450 | ኤክስ 16 | አጭር ብረት ካለው ይገባል | 19 ዋት ገደማ | ዝቅተኛ | መውጫው ለተበላሸ፣ ለሁለት ሞኒተር |
| ጂቲ 1030 | ኤክስ 16 | አጭር ብረት ካለው ይገባል | 30 ዋት | መካከለኛ | ለዩቲዩብ፣ ለቀላል ጌም |
| 750 ቲአይ፣ 1050 ቲአይ | ኤክስ 16 | አብዛኞቹ አይገቡም | 60 እና 75 ዋት | ከፍተኛ | ለቪዲዮ ቤት፣ ለጌም |
| ዩኤስቢ 3.0 | ኤክስ 1 | አጭር ብረት ካለው ይገባል | የተሰካበትን ያህል | ዝቅተኛ | ፍላሽና ዲስክ ለሚበዛበት ሱቅ |
| ላን | ፒሲአይ ወይም ኤክስ 1 | አጭር ብረት ካለው ይገባል | ትንሽ | በጣም ዝቅተኛ | መሰኪያው ለተቃጠለ |
| ዋይፋይ | ኤክስ 1 | አጭር ብረት ካለው ይገባል | ትንሽ | ዝቅተኛ | ገመድ ለማይደርስበት |
| ኤም 2 አዳፕተር | ኤክስ 4 ወይም ኤክስ 16 | አጭር ብረት ካለው ይገባል | ትንሽ | አዳፕተሩ ዝቅተኛ፣ ዲስኩ መካከለኛ | ለፋይል ማስቀመጫ ብቻ |
| ፓራሌል | ፒሲአይ ወይም ኤክስ 1 | አጭር ብረት ካለው ይገባል | ትንሽ | ዝቅተኛ | ለባለ መርፌ ፕሪንተር |

እንደየፍላጎታችሁና እንደየኪሳችሁ

የጽሕፈት ቤት ከሆነ የመጀመሪያው ብር ወደ ሳታ ኤስኤስዲ ይሂድ፤ ከተረፈ ዩኤስቢ 3.0። ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። እትዬም በመጨረሻ የሆነላቸው ይሄ ነው፤ ሻጩ በካርዱ ምትክ ኤስኤስዲና የዩኤስቢ ካርድ ላከ። ገጥሜ አብርቼ ሳስረክባቸው ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ ዘንበል አደረጉ። «ልጄ፣ ድምፁ ጠፋ እኮ። ተበላሽቶ ይሆን?» የአሮጌውን ሃርድ ዲስክ ጉርምርምታ ለምደውት ኖሯል።

ማራኪ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ፣ ሌክቸር በዩቲዩብ የሚያይ፣ ማሽኑ ኤስኤስዲና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ካለው 1030 ይግዛ። ብሩ ካልደረሰ ቪዲዮውን ወደ 480 ዝቅ አድርጎ ይይ፤ ነፃ ነው።

ቪዲዮ ቤት ከሆናችሁና ማሽናችሁ ኮር ቱ ዱዎ ከሆነ፣ ለ1050 ቲአይ የያዛችሁትን ገንዘብ አትንኩት። ጨምራችሁበት ያገለገለ ኮር አይ 5 ታወር ፈልጉ፤ ካርዱ ከዚያ ይከተላል። ይሄን ስል የሚቆጣኝ አለ፤ ግን ቀርፋፋውን ፕሮሰሰር ካርድ አያነቃውም። ለማንኛውም ኮር ቱ ዱዎ የዊንዶውስ 11ን 24ኤች2 እትም ማስነሣት እንኳ አይችልም፤ የሚጠይቀው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የለም።

ፔንቲየም 4 ያለው ሰው የተበላሸ ነገር ለመተካት ካልሆነ በስተቀር ካርድ አይግዛ። የኤጂፒ ካርድ አሁን ከሞተ ማሽን ተነቅሎ ነው የሚገኘው፤ በነፃ ካላገኛችሁት ይቅርባችሁ።

ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ ደግሞ ላጲስ ግዙ። ቀልዴን አይደለም። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ የቀረው ኃይል ይወጣል። የኬዙን ብረት ነክታችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያለውን ስታቲክ አራግፉ። ራሙንና ያለውን ካርድ አውጡ። ወርቃማዎቹን ጥርሶች በላጲሱ በቀስታ ፈግፍጉ። ፍርፋሪውን በብሩሽ አንሡ፤ በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፣ ምራቅ ይረጫል። ሰዓቱና ቀኑ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032ን፣ ቀይሩ። «ካርዱ ሞቷል» ተብሎ ከመጣልኝ ዕቃ ውስጥ ስንቱ በላጲስ ተነሥቷል።

አዲሱን ካርድ ስትገጥሙም ያው ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑት። ኤክስ 16 ስሎት መጨረሻ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መቆለፊያ ቀጭ ትላለች። ብሎኑን ሳታስሩ አታብሩ፤ የሞኒተሩ ገመድ ሲሳብ ካርዱ ይዘማል። የሞኒተሩን ገመድ ደግሞ አዲሱ ካርድ ላይ ሰኩት። «ገጠምኩት፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ» ብሎ የደወለልኝ ሰው ዘንድ እስከ አዘዞ ሄጃለሁ። ገመዱ አሮጌው መውጫ ላይ ነበር።